ሁለት በር የሚባለው የኬላ ቤት

ረቡዕ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከባሕር ዳር መናኸሪያ ስነሣ የያዝሁት ጥቂት ነገር ነበር፤ የሃያ ሜትር መለኪያ፣ አንድ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ የእጅ ባትሪና ወፍራም ሹራብ። የምሄደው ስማዳ ውስጥ ያለ አንድ ቤት ለማየት ነው። ቤቱ በድሮ ጊዜ ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍልበት ኬላ ነበር ይባላል። «ይባላል» የሚለውን ቃል አልወደውም። ዜና ስሠራ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ከጽሑፌ ለማስወጣት ስታገለው ኖሬያለሁ። የዚህ ጉዞ ዓላማም ከዚያ የተለየ አልነበረም።

የጠራችኝ ወይንሸት የምትባል በስማዳ የቅርስ ሥራ ላይ ያለች ባለሙያ ናት። በስልክ የነገረችኝ ይህ ነው፦ ከወገዳ ወጣ ብሎ፣ በአሮጌው የበቅሎ መንገድ ዳር፣ አንድ ክብ የድንጋይ ቤት አለ። መንገዱ አሁን ለመኪና ሊሰፋ ነው። ቀያሹ ችካል ሲተክል መስመሩ ቤቱን ለሁለት ከፈለው። ቀያሹ ክፉ ሰው አይደለም። «ቅርስ ነው የሚል የተሞላ ቅጽ እስከ ሰኞ ቀትር ካመጣችሁልኝ መስመሩን አዞራለሁ፤ ካላመጣችሁ ዶዘሩ ሥራውን ይቀጥላል» ብሏታል። ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ ቤቱ ምን ያገለግል ነበር? መልሱን ባለቤቱ በፊርማው ማረጋገጥ አለበት።

«ባለቤቱ ምን ይላል?» አልኋት።

«አያ ፈንታ ይባላል፤ የማር ቤት ነበር ይላል።»

«ጎረቤቱስ?»

«ጎረቤቱማ አያ ፈንታ ካለ ነው ይላል። ማን ይደፍረዋል? ጋሼ፣ ይምጡና በዓይንዎ ይዩት። እኔ ብቻዬን ብጽፈው ማንም አያምነኝ።»

ረቡዕ፤ እስከ ንፋስ መውጫ

ከባሕር ዳር ንፋስ መውጫ የሚኒባስ ሂሳብ ሰባት መቶ ብር ነው። በወረታ አድርገን ደብረ ታቦር ስንደርስ ሾፌሩ ለቁርስ ግማሽ ሰዓት ሰጠን፤ የጾም ፍርፍር በላሁ። ከጋሳይ በኋላ በመንገዱ ግራና ቀኝ ድንች በማዳበሪያ ተደርድሮ ይጠብቃል። ጉና ጫፉ በደመና ተሸፍኖ ነበር። ክምር ድንጋይን ስናልፍ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ መግባት ጀመረና ሹራቤን አወጣሁ።

በመንገዱ ላይ ገመድ በተዘረጋበት ሁሉ እየወረድን መታወቂያ አሳየን። ረዳቱ እያንዳንዱን ገመድ «ኬላ! ውረዱ!» እያለ ያስታውቃል። ከጎኔ የተቀመጠች ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ለአራተኛ ጊዜ ስትወርድ ጉልበቷን እያሸች፣ «የድሮው ኬላ ቤት ነበረው አሉ። የአሁኑ ገመድና የላስቲክ ወንበር ሆኖ ቀረ» አለችኝ። ወዴት እንደምሄድ ስነግራት ሳቀች። «ሰው ከኬላ ሲሸሽ፣ እርስዎ ኬላ ፍለጋ!»

ንፋስ መውጫ ስሙን ያገኘበትን ነፋስ ሳይነፍግ ተቀበለኝ። ባጃጆቹ ሸራቸውን እያርገበገቡ ይሽከረከራሉ። አልጋ በሦስት መቶ ብር ያዝሁ፤ ብርድ ልብሱ ሁለት ነው፣ ሦስተኛ ለመንሁ፣ ሰጡኝ።

ሐሙስና ዓርብ፤ አርብ ገበያ

ከንፋስ መውጫ ወደ ታች ጋይንት የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነው። ወቅቱ ጥር ስለሆነ በየአውድማው ውቂያ ላይ ናቸው፤ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ገለባው ከነፋሱ ጋር እስከ መንገዱ ይመጣል። አርብ ገበያ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነበር። የነገው ገበያ ዛሬውኑ ጀምሯል። ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ሰዎች አህዮቻቸውን አራግፈው፣ ጭነቱን ግድግዳ አስደግፈው ለማደር ይሰናዳሉ።

ዓርብ ጠዋት ገበያውን ስዞር ዓላማ ነበረኝ። አያ ፈንታ ቤቱን የማር ቤት ካሉ፣ ስለ ማር የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አለብኝ። ሦስት እንስራ ማር ይዘው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ።

«አባቴ፣ በዚህ አገር ማር በድንጋይ ቤት ይቀመጥ ነበር?»

«የምን ድንጋይ?»

«ደርብ ያለው፣ ክብ የድንጋይ ቤት።»

ሽማግሌው ለጎረቤታቸው ዞረው፣ «ይህ ሰው ማሩን ንጉሥ አደረገው እኮ» አሉ። ከዚያ ለእኔ፣ «ማር ማስቀመጫው እንስራ፣ እንስራው ማስቀመጫው ጓዳ ነው። ደርብ የሚሠራ ሰው የሚያየው ነገር ስላለው ነው። ማር ደግሞ አይሸሽ፣ ምን ብሎ ከላይ ሆኖ ያየዋል?»

በደብተሬ ጻፍሁት። ሽማግሌው ቤቱን አላዩትም፣ ስለዚህ ምስክር አይሆኑም። ነገር ግን ጥያቄ ሰጥተውኛል፤ ያ ደርብ ምን ያይ ነበር?

ከቀትር በኋላ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ከሾፌሩ ጎን በአራት መቶ ብር ተሳፍሬ ወገዳ ገባሁ። መንገዱ እንደ መንገድ የሚቆጠረው መኪና ስለሚሄድበት ብቻ ነው። ወይንሸት በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ፈጣን ተራማጅ፣ አቧራ የጠገበ ቦት ጫማ የተጫማች ሴት ሆና አገኘኋት። ቅጹን በላስቲክ ጠቅልላ በቦርሳዋ ይዛዋለች።

ቅዳሜ፤ አንድ በር ያለው ሁለት በር

ከወገዳ በእግር አንድ ሰዓት ከሩብ ሄድን። ቦታው «ሁለት በር» ይባላል። በር በአማርኛችን የቤት መግቢያም ነው፣ ተራራ የሚታለፍበት ማለፊያም ነው። ወይንሸት ስሙን ከሁለት የተራራ ማለፊያ የመጣ ነው ብላ አስባ ነበር። ከጉብታው ላይ ቆሜ አየሁ፤ ማለፊያው አንድ ነው። በዚህ በኩል ገደል፣ በዚያ በኩል ቋጥኝ፣ መካከሉ ላይ መንገዱ፣ መንገዱ ዳር ቤቱ።

ቤቱ ክብ ነው። ጣሪያው ዛሬ ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው ግን እንደ ጥንቱ ጥቁር ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ የተካበ ነው። የግድግዳውን ውፍረት በአምስት ቦታ ለካሁ፤ በሁሉም ዘጠና አምስት ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በሩ ወደ መንገዱ ይመለከታል፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ከበሩ በስተቀኝ በሰው ደረት ቁመት ልክ አንድ መስኮት አለ፤ የመስኮቱ ደፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሆኖ ክንድ ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። ዕቃ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ነው የሚመስለው፤ ከውጭ የሚያስቀምጥ፣ ከውስጥ የሚቀበል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ጫፉ የተበሳ የድንጋይ ዓምድ ቆሟል። ገመድ ወይም አጠና ያልፍበት የነበረ ቀዳዳ ነው፤ ውስጡ በመታሸት ለስልሷል።

በእንጨት መሰላል ወደ ደርቡ ወጣሁ። ሁለት ቀዳዳ መስኮቶች አሉ፤ ከጭንቅላት አይሰፉም። አንደኛው መንገዱን ወደ ጋይንት በኩል፣ ሁለተኛው ወደ እስቴ በኩል ያሳያል። ጭነት የያዘ በቅሎ ከሁለቱም አቅጣጫ ከሩቅ ይታያል። የአርብ ገበያው ሽማግሌ ጥያቄ መልስ አገኘ።

ከቤቱ ጀርባ ዞሬ የውጭውን ድንጋይ አየሁ። አንድ ቦታ ላይ ድንጋዮቹ እርስ በርስ አልተያያዙም፤ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ስፌት የመሰለ መስመር አለ፤ ትንሽ ራቅ ብሎም ሌላ። በደብተሬ «ጥገና» ብዬ ጻፍሁና አለፍሁ።

አያ ፈንታ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጀርባቸው ያልጎበጠ ገበሬ ናቸው። ሥራዬን ሲያዩ ቆይተው፣ «ለካህ ጨረስህ?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ። አያ ፈንታ፣ ይህ ቤት ኬላ ይመስለኛል።»

«የማር ቤት ነው።»

«ደርቡስ?»

«ንብ ለማየት።»

ባለቤታቸው እትዬ ይታይሽ ከምድጃው ሆነው ሳቁ። «ንቧ እንግዲህ ቀረጥ ሳትከፍል እንዳታልፍ ነዋ!»

አያ ፈንታ አልሳቁም። ወይንሸት ቅጹን ከላስቲኩ አውጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «አያ ፈንታ፣ እርሰዎ ካልፈረሙ ሰኞ ይፈርሳል። የተወለዱበት ቤት ነው።»

«ይፍረስ።»

«ኸረ!»

«ቤቱ ይፍረስ፤ ስሙ አይጻፍ። ቤት ሲፈርስ ሌላ ይሠራል። የተጻፈ ስም ግን ማን ያፈርሰዋል?»

ስሙ ምን እንደሆነ ጠየቅሁ፤ እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት፤ ከአፋቸው መስማት ነበረብኝ። አያ ፈንታ ቃሉን እንደ መራራ ነገር ተፉት። «ቀራጭ። አያቴ ቀራጭ ነበር። አሁን ሰማህ። እንዳትጽፈው።»

ቀስ በቀስ ነገሩኝ። በልጅነታቸው ቄስ ዘንድ ንባብ ተምረዋል። ወንጌል ላይ «ቀራጮችና ኃጢአተኞች» የሚለው ቦታ ሲደርስ ተማሪው ሁሉ ዞሮ ያያቸው ነበር። «ኃጢአተኞቹን የሚፈልግ የለም፤ ቀራጩ ግን እዚያው ተቀምጧል» አሉ። ዳዊት ሳይደግሙ ትምህርቱን ተዉት። አባታቸው ሠርግ ቤት ሲጠሩ ከበሩ አጠገብ ነበር የሚቀመጡት። ሰው አስቀምጧቸው ሳይሆን፣ ራሳቸው እዚያ ይቀመጡ ነበር።

«ያላወቀው የለም እኮ» አሉ እትዬ ይታይሽ። «እኔን ሲድሩኝ እናቴ ነግራኛለች።»

«ማወቅ ሌላ፣ መጻፍ ሌላ።»

ደብተሬን ዘጋሁ። ቤቱ ኬላ ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም። ነገር ግን ባለቤቱ የማይፈልገውን ስም እንዲፈርም ማስገደድ የእኔ ሥራ አይደለም። ጊዜ የቀረን አንድ ቀን ተኩል ነው።

እሑድ፤ መሪጌታውና ነጋዴው

ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የደብሩን መሪጌታ አገኘናቸው፤ አያ ፈንታም እዚያው ነበሩ። ወይንሸት ነገሩን ቀድማ አስረድታቸዋለች። መሪጌታው በለዘበ ድምፅ ጀመሩ።

«ፈንታ፣ ማቴዎስ ወንጌላዊው ማን ነበር?»

«ቀራጭ ነበሩ፣ መሪጌታ።»

«በመቅረጫው ተቀምጦ ሳለ አይደለም ጌታ የጠራው? ታዲያ ምን ያሳፍርሃል?»

አያ ፈንታ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ማቴዎስ ሲጠሩ ተነሥተው ሄዱ። አያቴ ግን እዚያው እንደ ተቀመጠ ሞተ።»

 መሪጌታው ጢማቸውን እየዳሰሱ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይኸ ሰው ትምህርቱን ባይተው ኖሮ ዛሬ እኔን ያስተምረኝ ነበር» አሉ። አያ ፈንታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ግን አልፈረሙም።

እኔም ሌላ መንገድ ያዝሁ። ስለ ኬላ ከቀራጩ ዘር ሌላ የሚያውቅ ካለ የነጋዴው ዘር ነው። ወይንሸት ወገዳ ውስጥ አቶ ሰይድ የሚባሉ ሙስሊም ባለሱቅ እንዳሉ ነገረችኝ፤ አያታቸው በዚያ መንገድ በቅሎ ሲነዱ ነበር የኖሩት። ከቀትር በኋላ ሱቃቸው ገባን። አቶ ሰይድ ስድሳ ያለፋቸው፣ ከመነጽራቸው በላይ የሚያዩ ሰው ናቸው። ስለ ሁለት በር እንደምጠይቅ ሲያውቁ ሚዛናቸውን ወደ ጎን ገፉት።

«ያን ቀራጭማ አያቴ ሲረግመው ነው የሞተው» አሉ። «በምድር ላይ እንደሱ ያለ ልበ ደረቅ አልተፈጠረም ይል ነበር። ከጭነቱ አንዲት አሞሌ ጨው አይምርም። ዝናብም ይዝነብ፣ በቅሎም ትታመም፣ መጀመሪያ ቀረጡ ነው።»

ወይንሸት በሐዘን አየችኝ። ይህ የሚጠቅመን ምስክርነት አልነበረም። እኔ ግን ጻፍሁት፤ የምጠይቀው የሚጠቅመኝን ብቻ ከሆነ ጋዜጠኛ አይደለሁም።

«ቦታው ሁለት በር የተባለው ለምንድን ነው?» አልሁ።

«ሁለት በር ስለነበረዋ!»

«መንገዱ?»

«ቤቱ! ይኸውልህ፣ አያቴን ያበግነው የነበረው እሱ ነው። ሸክም በጀርባዋ ያዘለች ድሃ ሴት በመንገድ ስትመጣ ቀራጩ ከደርብ ሆኖ ያያታል። ይወርድና ‹ግቢ፣ ውሃ ጠጪ› ይላታል። በፊት በር ትገባለች፣ ውሃዋን ትጠጣለች፣ በጓሮ በር ትወጣለች። ገመዱ ወዲያ ማዶ ቀረ ማለት ነው! የቤት እንግዳ ደግሞ አይቀረጥም። ሹሙ መጥቶ ‹ማን አለፈ?› ሲለው፣ ‹በመንገድ ያለፈ የለም› ብሎ ይምላል። ውሸት አይደለም፤ በመንገድ አላለፈችም!»

ወይንሸት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አያቴ አንድ ቀን፣ ‹እንግዲያው በቅሎዎቼም ውሃ ይጠጡ፣ አስገባቸው› አለው። ቀራጩ ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹የጓሮ በሬ ጠባብ ናት፤ የእግዜርን ድሃ እንጂ የአንተን በቅሎ አታሳልፍም።› አያቴ ይህን ሲያወራ ቀራጩን ሰባት ጊዜ ይረግመውና በስምንተኛው ይስቅ ነበር።»

እኚህን ሰው ማመን የሚቀልለው ለቀራጩ የሚያዳሉበት ምክንያት ስለሌላቸው ነው። ቤቱን በቅርብ አይተውት እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ገብተው አያውቁም። ከሱቁ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ደብተሬን ገለጥሁ። «ጥገና» የምትለዋ ቃል አፈጠጠችብኝ። ሁለት ቀጥ ያሉ ስፌቶች፣ በመካከላቸው የሰው ትከሻ ያህል ስፋት። ሦስት ጊዜ የፊቱን በር ለክቻለሁ፤ የኋላውን በር ግን በገዛ እጄ ጥገና ብዬ ቀብሬዋለሁ።

«ከውስጥ በኩል እዚያ ቦታ ምን አለ?» አልኋት ወይንሸትን።

አሰበችና፣ «ጎታው» አለች።

ሰኞ፤ ጎታው

ጎታ በጭቃ የሚሠራ የእህል ማስቀመጫ ነው። የእትዬ ይታይሽ ጎታ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ የዘንድሮውን ጤፍ ገና ከአውድማ አስገብተው ሞልተውታል። የሞላ ጎታ ደግሞ ያለ ጊዜው አይነካም፤ በረከቱ ይበተናል ይላሉ። ፀሐይ ሳትወጣ ደርሰን ነገሩን ስናስረዳ ይህን ፈርቼ ነበር።

አያ ፈንታ ሙሉውን ሰሙ፤ የአቶ ሰይድን እርግማንም አልዘለልሁላቸውም። «ነጋዴ ያወራው ነው» አሉ በመጨረሻ። «የፈለገውን ያወራል። እኔ በዚህ ቤት ሰባ ዓመት ስኖር በር አላየሁም። ጎታ አላስነካም።»

እትዬ ይታይሽ ተነሡና ቁና አነሡ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላወርደው ነዋ።»

«ይታይሽ፣ በረከቱ!»

«በቀትር ቤቱ በላዬ ሲፈርስ በረከቱ የት ሊቀመጥ ነው? ጆንያ አምጣ።»

ጎረቤት ተጠራ። አምስት ሰው ሆነን በቁና እየሰፈርን ወደ ጆንያ ገለበጥን። አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው። ወይንሸት ሰዓቷን ታያለች፤ ከመንገዱ ታች የዶዘሩ ሞተር ሲሞቅ ይሰማል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጎታው ባዶ ሆነ። በአጠና ፈንቅለን ሁለት ክንድ ያህል አንቀሳቀስነው። ከኋላው ያለው ግድግዳ በጭቃ የተለሰነ ነበር። አያ ፈንታን አየኋቸው። መቆፈሪያውን ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው አነሡት።

ልስኑ ሲወድቅ ከላይ ጠርብ እንጨት ታየ፤ የበር ጉበን ነው፣ ጭስ አጥቁሮታል። ከሥሩ የተሞላው ድንጋይ ከዙሪያው ይለያል፤ ትንንሽና በችኮላ የተደረደረ ነው። ለካሁ፤ ስፋቱ ስልሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከአርባ ነው። ጎንበስ ያለ ሰው ሸክሙን አዝሎ ያልፋል። የተጫነች አህያ አታልፍም፤ በቅሎማ አይታሰብም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከብት ማስወጫ ሊሆን ይችላል የሚል ሰው አይጠፋም። ወይንሸት ግን ከወለሉ ላይ ጭቃውን በእጇ ጠርጋ ደፉን አገኘችው። ከፊት በሩ ደፍ ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር ድንጋይ ነው። የፊቱ ደፍ ጠርዙ አሁንም ስል ነው። የኋላው መካከሉ ጎድጉዷል፤ እንደ ማንኪያ። የለሰለሰው ጉድጓድ ጥልቀቱ አራት ሳንቲ ሜትር ሆነ። ድንጋይ እንዲህ የሚበላው በእግር ብዛት ነው።

አያ ፈንታ ተንበረከኩ። መዳፋቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው ወዲያና ወዲህ አሹት። እትዬ ይታይሽ ሊናገሩ ሲሉ ወይንሸት እጃቸውን ያዘች።

«አባቴ ነው የደፈነው» አሉ አያ ፈንታ፣ ቀና ሳይሉ። «አሁን ገባኝ። ‹እዚያ ጋ ነፋስ ይገባ ነበር› ይለን ነበር፤ ነፋስ።»

 ተነሡና ጉልበታቸውን አራገፉ።

«ያን ቅጽ አምጪው።»

ወይንሸት ጥያቄውን አነበበች፤ ቤቱ ምን ያገለግል ነበር?

«ቀራጭ ቤት ነበር ብለሽ ጻፊ።»

 ጻፈች። ወረቀቱን ለፊርማ ስትዘረጋላቸው በጣታቸው መለሱት።

«አልጨረስሁም። በፊት በሩ ይቀርጥ ነበር፤ በኋላ በሩ ድሃ ያሳልፍ ነበር። ሁለቱንም ጻፊ። የነጋዴውን እርግማንም ጻፊው፤ እውነት ነው። ግን አንዱን ብቻ ከጻፍሽ አልፈርምም።»

«አያ ፈንታ፣ ቦታው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሞላ።»

«ወረቀቱ ጀርባ የለውም?»

ወይንሸት ገለበጠችው። እሳቸው እየተናገሩ፣ እሷ እየጻፈች ጀርባው እስከ ግማሽ ሞላ። አያ ፈንታ ስማቸውን በራሳቸው እጅ፣ ፊደሉን እየቆጠሩ፣ ከፊትም ከኋላም ፈረሙ።

ቀያሹ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ፤ ጂፒኤሱን በአንገቱ ያንጠለጠለ ወጣት ነው። የቅጹን ፊት አነበበ። ሊያጣጥፈው ሲል አያ ፈንታ፣ «ኢንጂነር፣ ገልብጠው» አሉት። ገለበጠው፣ አነበበ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ደፉን አየ፣ ፎቶ አነሣ። ከዚያ ለሠራተኞቹ ጮኸ፤ ችካሎቹ ስምንት ሜትር ወደ ታች ተዛወሩ።

ሁሉም ነገር አልዳነም። አዲሱ መስመር የእትዬ ይታይሽን የጌሾ ተክል ይበላዋል፤ ይህንንም ሳይሸሽግ ነገራቸው። የገመዱ የድንጋይ ዓምድም ከቦታው ተነቅሎ ቤቱ አጠገብ ይተከላል፤ ከእንግዲህ ማንንም የሚያቆምበት ቦታ ላይ አይቆምም። በደብተሬ የቀድሞ ቦታውን ከበሩ ርቀት ጋር አሰፈርሁ፤ አሥራ አንድ ሜትር ከሠላሳ።

ማክሰኞ፤ በእስቴ ወደ ቤት

ስመለስ በመጣሁበት አልሄድሁም። በእስቴ በኩል፣ በመካነ ኢየሱስ አድርጌ ወረድሁ። ደርቡ ላይ ያለው ሁለተኛው ቀዳዳ ወደዚህ ነበር የሚያየው፤ ጭነት የያዙ በቅሎዎች የሚመጡበትን አቅጣጫ በራሴ መሄድ ፈለግሁ። በዘመኑ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አላውቅም፤ እኔን መካነ ኢየሱስ ለመድረስ ብቻ ግማሽ ቀንና አንድ የፈነዳ ጎማ ፈጅቶብኛል። እዚያ ድንችና ሽሮ በመቶ ሃያ ብር በላሁ። ባሕር ዳር ስገባ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ልትጠልቅ ነበር።

ከዚህ ጉዞ የወሰድሁት ለሥራዬ የሚሆን ነው። ቤት ለማወቅ ሄጄ ልኬቴን በሰዎቹ ቃል ላይ አስበልጬ ነበር፤ ልኬቴ ትክክል ሆኖ ሳለ የሰጠሁት ስም ተሳሳተ። አያ ፈንታም አያታቸውን በአንድ ቃል ብቻ ያውቋቸው ነበር፤ ቃሉ ትክክል ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ደብተሬ ላይ «ጥገና» የምትለውን ሰርዤ «በር» ብዬ ጽፌያለሁ። የተሰረዘችውን እንዳትነበብ አድርጌ አላጠፋኋትም።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ወይንሸት ደወለች። ዶዘሩ መንገዱን ዘግቶ ውሏል። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ከነሸክማቸው መቆማቸውን አያ ፈንታ ሲያዩ የኋላው በር የተደፈነበትን ድንጋይ እስከ ደፉ አንሥተው፣ ከፊት በሩ ላይ ቆመው፣ «ግቡ፣ ውሃ ጠጡ፣ በጓሮ ውጡ» ሲሉ ነው የዋሉት።

«እትዬ ይታይሽስ ምን አሉ?» አልኋት።

«ጆንያዎቹ ላይ ቁጭ ብለው ይቆጣሉ። ‹ውሃ የምቀዳው እኔ፣ የሚመረቀው እሱ!› ይላሉ። ጋሼ፣ አሁንም እየቀዱ ነው።»